አሥራ ሰባት አንዶች

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የጀመርኩት የዓይን ሐኪሟ ስላዘዘችኝ ነው። «ጠብታውን በስንት ሰዓት እንዳደረጉ፣ ዓይንዎ ምን እንዳስቸገረዎት በየቀኑ ይጻፉልኝ» ብላኛለች። እሺ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠብታ፣ ሁለቱም ዓይን። በግራው ጥግ ላይ ጭጋግ ቢጤ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ለሐኪም የሚጻፈው ይኸው ነው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ባዶ ገጽ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ስለ ቅዳሜያችን ልጻፍ።

ቀያሹ ዛሬም በአራት ሰዓት መጡ። የመሬት ቀያሽ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት የትምህርት ቤታችንን ድንበር ሊለኩ መጥተው በመስኮት ሰሌዳዬን አዩ። ለተማሪዎቼ በአንድ ብቻ የተሠሩ ቁጥሮችን ደርድሬ ነበር። 11ን ከራሱና ከአንድ በቀር ማንም አያካፍለውም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። 111 በ3 ይካፈላል። 1,111 በ11። 11,111 በ41። እንዲህ እያልኩ ወርጄ አሥራ ሰባት አንድ የተደረደረበት ላይ ስደርስ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት። ተማሪዎቹ ሲወጡ ሰውየው ሜትራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

«መምህርት፣ ለመሆኑ ያ የመጨረሻው ይካፈላል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አንሞክረውም?»

11,111,111,111,111,111። መቼም ዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው ይኖራል፤ ማሽንም ቢጠየቅ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይመልሳል። እኛ ግን ማንንም ላንጠይቅ፣ መጽሐፍ ላንገልጥ፣ በእርሳስ ብቻ ልንፈልግ ቃል ተገባባን። ደግነቱ ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ አንድ ሲቀነስለት የግድ በ34 እኩል መካፈል አለበት። ሌላም ወንፊት አለን፣ ከእነዚህም ግማሹን ይጥልልናል። የተረፉትን ተራ በተራ እንካፈላቸዋለን፦ አንዱ የእኔ፣ ቀጣዩ የእሳቸው። በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዳችን ቤታችን እንሠራለን፤ ቅዳሜ የእኔ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ደብተሮቻችንን ዘርግተን ድርሻውንና ቀሪውን እናነባለን። የጀመርነው ከ239 ነው፤ ቀሪው 111 ሆነና ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህን አልፈናል። ዜሮ ቀሪ እስካሁን አልመጣም።

ጥር 6፣ ሰኞ

ጠብታ ጠዋት። መብራት ሲበራ ዙሪያው ቀለበት ይሠራል። ሐኪሟ በመብራት እንዳልጽፍ ከልክላኛለች፤ ይህን የምጽፈው በባዶ ክፍለ ጊዜዬ ነው።

መምህራን ክፍል ስገባ ሁለቱ ወጣት አስተማሪዎች ዝም አሉ። ከመግባቴ በፊት የሰማሁት ይህን ነው፦ «እትዬ ቀሪ እኮ ቅዳሜን እየጠበቀች ነው የምትኖረው።» እትዬ ቀሪ ማለት እኔ ነኝ። ማካፈል ሳስተምር «ቀሪውስ?» ማለት ስለማበዛ ተማሪዎች ያወጡልኝ ስም ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከሐኪም ቤት ተደወለ፦ ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። ቅዳሜ እንደማይመቸኝ አሁንም ነገርኳቸው። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የእኔ የክትትል ቀን ቅዳሜ የሆነው በማን ጥፋት ነው?

ቀያሹ አዲስ እርሳስ አመጡልኝ፣ ወፈር ያለ። «በቀጭኑ ሲጽፉ ዓይንዎን ያጠብባሉ» አሉ። ከዚያ ስድስተኛውን ማካፈል እያነበቡ ሳለ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«መምህርት፣ ዓይንዎን ያሻሉ። ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ። ይኼ ቁጥር የትም አይሄድ።»

«ይሄዳል እንጂ! እስከ መቶ አምስት ሚሊዮን ይሄዳል።»

እውነቴን ነው። እስከዚያ ፈልገን አካፋይ ካጣንለት ብቸኛ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን የእኛ ዕድሜ አይበቃም። ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ታናሽ እህቴ ጓዳ ሆና ልብስ ትሰፋለች፤ ኑሯችን አንድ ላይ ነው፣ የስፌት መኪናዋም ለደንበኞቿ ሲሽከረከር ይውላል። ቀያሹ ሲመጡ ግን መኪናዋን ታቆማለች። «እንዳልረብሻችሁ ብዬ ነው» ትላለች። ልትሰማ ብላ ነው።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ጠብታ ረሳሁ። ማካፈል አራት። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።

ጥር 20፣ ሰኞ

ቅዳሜ አልመጣ ስላልኩ ሐኪሟ ዛሬ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ጠራችኝ። ግንባሬን ማሽን ላይ አስደግፋ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። በግራ ዓይኔ ረጅም ጊዜ ምንም ሳልጫን ቆየሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ መስሎኝ «አልጀመረም?» አልኳት። «ሊጨርስ ነው» አለች።

ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «የግራው የጎን እይታ አብዛኛው ሄዷል። የሄደው አይመለስም። የካቲት 25 ቀዶ ጥገና እናደርጋለን፤ የቀረውን ለማትረፍ ነው። ቀኙንም ከአሁን በኋላ በዋዛ አናየውም።»

«ቁጥር ማየት አበዛለሁ። እሱ ይሆን የጎዳኝ?»

«ማየት አይደለም የጎዳዎት፣ አለመምጣት ነው። ሦስቱንም ቀጠሮ ቢመጡ ኖሮ የዓይንዎን ግፊት መጨመር ቀድመን እናገኘው ነበር። ከቀጠሮ የሚያስቀር ምን ዓይነት ሥራ ነው ያለብዎት?»

የማይዘለል ሥራ ነው አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝስ ምን እላት ነበር።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ቆርጫለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት አዲስ ማካፈል አቆማለሁ፤ ያለፈውን ሁሉ አጣራለሁ። ዓይኔ እምቢ ቢል እንኳ ለሚቀጥል ሰው የጠራ ሥራ ትቼ ልለፍ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የቁጥርን አኃዞች ደምሮ፣ ድምሩን ደግሞ ደምሮ አንድ አኃዝ እስኪቀር መውረድ ነው። አሥራ ሰባት አንዶች ድምራቸው 17፣ 1 እና 7 ደግሞ 8። አካፋዩና ድርሻው ተባዝተው፣ ቀሪው ተደምሮበት፣ በዚሁ መንገድ ሲወርድ 8 ካልመጣ አንድ ቦታ ስህተት አለ።

ለቀያሹ ቢሯቸው ደወልኩ። «የእርስዎንም ደብተሮች ያምጡልኝ፣ ሰባቱንም» አልኳቸው።

«የእኔንም?»

«የእርስዎንም።»

ስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ሳል ተሰማኝ። ከዚያ «እሺ» አሉ።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ስድስት ደብተር ይዘው መጡ። አምስተኛው የለም። «ረስቼው ነው» አሉ። ሰው ይረሳል፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ነው የቀራቸው። ስለ ቀዶ ጥገናው ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ምንም ሳይበሉ ሄዱ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

የእኔ አራት ደብተር ተጣራ። አሥራ አንድ ስህተት። አሥራ አንድ! አፈርኩ። ሁሉንም ደግሜ አካፈልኩ፤ ዜሮ የለባቸውም።

የእሳቸው ሦስት ደብተር ተጣራ። ስህተት የለም። እንደ እሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም። አኃዛቸው እንደ ሜትር ምልክት አንዱ ከአንዱ እኩል ርቀት ላይ ነው።

የካቲት 1፣ ዓርብ

አምስተኛውን ደብተር ራሴ ቢሯቸው ሄጄ ወሰድኩ። ካርታ ተንጠልጥሎበት ግድግዳው አይታይም። «ቆይ ልፈልገው» አሉና የላይኛውን መሳቢያ ሳቡ። ደብተሩ ከላይ ነበር፣ ብቻውን። ምንም መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

ሲሰጡኝ ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁትም። «ዓይንዎን አያድክሙበት፤ ይኼኛው ይቅርብዎ» አሉ። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው ማን አለኝ?

የካቲት 7፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ባዶ ክፍለ ጊዜዬ ነው፤ መምህራን ክፍል ነኝ።

አምስተኛው ደብተር፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ገጽ። አካፋይ 2,071,723። ድርሻ 5,363,222,357። ቀሪ 1,408,116። አጣራሁት፤ 8 አልመጣም፣ 2 መጣ። በመጨረሻ ስህተት ሠሩ ብዬ ፈገግ አልኩ። ላርመው ብዬ ማካፈሉን ከላይ ጀመርኩ። አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ከዚያ መቀነስ። ከዚያ ምንም።

ዜሮ።

ደግሜ ሠራሁት። አባዝቼ አየሁት። አሥራ ሰባቱም አንዶች አንድ በአንድ ወጡ። ይካፈላል! ሁለት ሚሊዮን ሰባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ሦስት! ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ያለፍነው ገጽ ላይ ተቀምጦልን!

ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ሰው እንዲሸፍንልኝ ለምኛለሁ። እሳቸው ጋ መሄዴ ነው።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ጠብታ ጠዋት። ትናንት ማታ አላደረግሁም።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ደረጃውን ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ቀያሹ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ካርታ ይገለብጥ ነበር። ቀና አለ። ፊቴን አየ፣ ብብቴ ሥር ያለውን ደብተር አየ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት «አገኘሽው?» አለ።

በአራት ዓመት ውስጥ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ያንን ነበር። ምን እንዳገኘሁ ሳልነግረው ማወቁ የገባኝ ቀጥሎ ነው።

«ምኑን?» አልኩት።

እርሳሱን ሊሰካው ሲል ብዕር መያዣውን ስቶ ወደቀ፣ አላነሳውም።

«አውቀውት ነው የጻፉት? ይኼን ቀሪ ከየት አመጡት?»

«ከየትም አላመጣሁትም። ዝም ብዬ የመጣልኝን ጻፍኩ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወለሉን እያየ ነገረኝ። ያገኘው ማክሰኞ ቀን ነው። ሦስት ጊዜ ደገመው። ኮቱን ለብሶ ሊነግረኝ ወጣ። «መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ይኼን ከነገርኳቸው በኋላ ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የምሄደው አልኩ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚጠብቀኝ በር የለኝም። አንድ ሳምንት ብቻ ልቆይ ብዬ ተመለስኩ። ሁለት ሆነ። ከዚያ በኋላ መናገሩ ራሱ አስፈራኝ።»

«ሌላ ቁጥር እንጀምር ማለት አይቻልም ነበር?»

«እምቢ ቢሉኝስ?»

«አንድ ዓመት ከመንፈቅ!» አልኩት። ጮኼ ይመስለኛል፤ ከቀጣዩ ክፍል አንድ ሰው ብቅ ብሎ ተመለሰ። «ከዚያ ወዲህ እኔ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ አካፍያለሁ። ቀጠሮዬን ሦስት ጊዜ የዘለልኩት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። የክትትል ቀኔ መቼ እንደሆነ ያውቃሉ? ቅዳሜ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቅዳሜ መሆኑን አልነገሩኝም።»

አልነገርኩትም። እውነት ነው፣ አልነገርኩትም። ብነግረው ሌላ ቀን እናድርገው ይለኝ ነበር፣ ወይም ይቅር ይለኝ ነበር። ግን ያ ሌላ ነገር ነው። የዋሸው እሱ ነው። በቁጥር ዋሸኝ። ሰው በቃል ይዋሻል፣ ይለመዳል፤ ቀሪ ፈጥሮ መጻፍ ግን ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

አራት ሰዓት ላይ መጣ። እህቴን ላክኋት። «ተኝታለች በይው።»

ቀን በአራት ሰዓት። ምን ዓይነት ሰበበኛ ነኝ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

የቀሩትን ሁለት ደብተሮቹን አጣራሁ። ከዚያች ገጽ በኋላ ያሉትን። የውሸት ይሆናሉ ብዬ ነበር። ፈጣሪ ያየኛል፣ እንዲሆኑም ፈልጌ ነበር።

ትክክል ናቸው። ሁሉም። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ማካፈል፣ አንድም ስህተት የለበትም። ምንም እንደማይረባ እያወቀ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ በትክክል አካፍሏል። ይህ ደግሞ የባሰ ድፍረት ነው። ቢያንስ ሰንፎ ቢሆን ይገባኝ ነበር።

የካቲት 15፣ ዓርብ

እህቴ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፦ «እታለም፣ ሰውየው የፈለገው ቅዳሜን ነው እኮ።»

«ቅዳሜ በየሳምንቱ አለ። ማን ከለከለው?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ስህተት በቀይ ታሰምሪያለሽ፤ አንዱን እንኳ ለምን ተሳሳተ ብለሽ አታውቂም» አለችኝ። ተነስታ ሄደች። መኪናው እስከ ምሳ ሰዓት ሲጮህ ዋለ።

እኔ ግን የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሴ ልጻፈው።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ከቀዶ ጥገናው በፊት የመጨረሻ ክፍሌ ዛሬ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሰባቱን አንዶች ጻፍኩ፣ እኩል ይሆናል ምልክት አደረግሁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አስከተልኩ። አላመኑኝም። እናባዛ አልኳቸው። ሰሌዳው ሞላ፤ የመጨረሻው ድምር ከቀኝ ወደ ግራ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ መውጣት ሲጀምር የኋላ ወንበሮች ተነስተው ቆሙ። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ አጨበጨቡ። ለእኔ አላጨበጨቡም፣ ለቁጥሩ ነው። እንደዚያ ሲያጨበጭቡ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አላየሁም።

ከዚያ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ እርስዎ ነዎት ያገኙት?»

አዎ ብል ማን ያውቃል። ሰሌዳው ላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ዜሮውን ያወጣሁትም በገዛ እጄ ነው። ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

«አይደለሁም» አልኩ። «አንድ ቀያሽ ነው ያገኘው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገሩንም?»

«እኔም አላውቅም ነበር።»

ልጅቷ እጇን አወረደች። ልጆች አንዳንዴ ይገባቸዋል። ጠመኔውን አስቀምጬ ደወል ሳይደወል አስወጣኋቸው።

ይቅር አላልኩትም። ቁጥሩ ግን የእሱ ነው፤ የሰው ነገር አልወስድም።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ዛሬ። እህቴ ቦርሳ ይዛ በር ላይ ናት። ፈርቻለሁ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ፊደሌ ትልልቅ ነው፤ አንድ ሁለት መስመር እየዘለልኩ እጽፋለሁ። ሐኪሟ ግፊቱ ወርዷል አለች። የግራው የሄደው ሄዷል። ቀኙ ይተርፋል፣ ከተጠነቀቅሁ። ሐኪም ቤት በተኛሁበት ጊዜ አንድ ሰው በየቀኑ መጥቶ ከነርሷ ጠይቆ ይሄድ ነበር አሉኝ። ወደ ክፍሉ አልገባም። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

አራት ሰዓት። የውጭው በር ተንኳኳ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ እከፍታለሁ» አልኳት።

ጡረታ ወጥቷል፤ ኮቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት የለም። በእጁ ምንም አልያዘም። ዓይኔ ላይ ያለውን መሸፈኛ እያየ እንዳላየ ሆነ።

«ዜሮውን ያዩ ቀን ደስ ብሎዎት ነበር?» አልኩት። በአእምሮዬ ያሰናዳሁት ንግግር ሌላ ነበር።

«በጣም። ብቻዬን ጮህኩ።»

«እኔም። ደረጃውን እየሮጥኩ ነበር የመጣሁት፣ አብረን እንድንጮህ። ያንን ነው የወሰዱብኝ። ዓይኔ የእኔም ጥፋት አለበት፤ እሱን በእርስዎ አልደፋም። ያንን ቀን ግን የወሰዱብኝ እርስዎ ነዎት።»

ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ። «ይቅርታ» ለማለት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱንም ጊዜ ሳይጨርሰው ተወው። ከጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል።

«በሉ እንግዲህ ይሂዱ» አልኩት።

«እሺ መምህርት።»

ሄደ። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ።

«ቆለፍሽው?» አለችኝ እህቴ።

«ቆልፌዋለሁ።»

ወጥታ መቀርቀሪያውን አለመወርወሬን አየች፤ እሷም ሳትቆልፈው ተመለሰች። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።